ከመንታ ሕፃናት ጋር ከደሴ እስከ ላሊበላ፦ የመኪና ጉዞ አዘገጃጀት

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው አንድ ዓመት ያልሞላቸውን መንታ ልጆች ይዘው በወሎ መንገድ በመኪና ለመጓዝ ላሰቡ ወላጆች ነው። በምሳሌነት የያዝሁት ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አልፎ ወልድያ የሚያድረውን፣ በማግስቱም በጋሸና ዞሮ ላሊበላ የሚገባውን መንገድ ነው፤ ልጆቼ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ የአባታቸውን እናት ለማየት በአምስት ወራቸው የተጓዙት በዚሁ መንገድ ነበር። ለብቻው የሚጓዝ ሰው ማልዶ ከተነሣ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። መንታ የያዘ ቤተሰብን መንገድ ግን የሚከፋፍለው ልጆቹ ጡት የሚጠቡበት ሰዓት ነው፤ የሚነሣበት፣ የሚያርፍበትና የሚያድርበት ቦታ ሁሉ ከዚያ ሰዓት ተነሥቶ ይቆጠራል።

ይህን የተረዳሁት ተሳስቼ ነው። በመጀመሪያው ጉዟችን ከቤት የወጣነው ከምሳ በኋላ ሲሆን፣ ወንዱ ልጅ ጠብቶ፣ ሴቷ ግን እንቅልፍ ስለወሰዳት «ትተኛ፣ አትቀስቅሷት» ተብላ ሳትጠባ ተነሣን። ገና ሐይቅ ሳንደርስ ነቅታ አለቀሰች፤ ቆመን አጠባኋት። ጥቂት እንደሄድን የእርሱ ተራ ደረሰ፤ እርሱን አጥብቼ ስንነሣ የእርሷ ሽንት ጨርቅ መቀየር ነበረበት። እንዲህ እየተፈራረቁ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን የደሴና የወልድያ መንገድ ሰባት ጊዜ ቆመን፣ ከመሸ በኋላ ጨረስነው። በሁለተኛው ጉዞ በዚያው መንገድ፣ በዚያው መኪና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቆመን እኩለ ቀን ሳይሆን ገባን። በመካከሉ የተለወጠው ዝግጅቱ ብቻ ነበር።

1. የጉዞውን ወቅት መወሰን

በእኛ አገር በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ቤት አራስ 40 ቀን ሳይሞላት ከደጅ አትርቅም፤ ይህ ልማድ መንታ ለወለደች እናት እጅግ የሚበጅ ስለሆነ ማንም አያጣድፋት። እንዲያውም የግድ የሚያስቸኩል ጉዳይ ከሌለ፣ ሕፃናቱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚሰጡትን ክትባቶች እስኪጨርሱ መታገሥ የተሻለ ነው። መንቶች ብዙ ጊዜ ቀናቸው ሳይሞላ ይወለዳሉ፤ ቀኑ ሳይሞላ ወይም በጣም ቀሎ የተወለደ ሕፃን በመኪና መቀመጫ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሲቆይ አተነፋፈሱ ሊታወክ ስለሚችል ሐኪም ሳያየውና ሳይፈቅድ አይሳፈር።

ከወቅቶቹ መካከል ሐምሌና ነሐሴ አይመረጡም፤ በእነዚህ ወራት ዝናቡና ጭጋጉ በዳገቶቹ ላይ እይታን ይከለክላል፣ ናዳም መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ወሎ የበልግ አገር በመሆኑ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስም ዝናብ ሊያጋጥም እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። መስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ደግሞ የገና በዓል ስለሚከበር፣ በእነዚህ ቀናት ዙሪያ መንገዱ በምእመናን ይጨናነቃል፤ ማደሪያ ማግኘትም ይከብዳል። ላሊበላን በገና ማየት ታላቅ በረከት ቢሆንም፣ ጡት የሚጠቡ መንታ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ጉዞውን ከበዓሉ ቢያንስ በአንድ ሳምንት ቢያርቀው እመክራለሁ።

መንገዱ ክፍት መሆኑንና ጸጥታውን በዋዜማው፣ እንደገናም በዕለቱ ጠዋት ያጣሩ። አስተማማኙ ምንጭ በዚያው ቀን ወይም በዋዜማው ከወልድያና ከጋሸና የመጣ ሹፌር ስለሆነ፣ መነኻሪያ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ጉዞው ይቆይ፤ ሁለት ሕፃናት ይዞ በተዘጋ መንገድ ላይ ማደር ለአዋቂዎች ከሚሆነው በብዙ እጥፍ ይከብዳል። በሌሊት መጓዝ ደግሞ በምንም ምክንያት አይገባም።

2. የሁለቱን የጡት ሰዓት ማገናኘት

ይህ የዝግጅቱ ዋና ክፍል ስለሆነ ከጉዞው ከሰባት እስከ አሥር ቀን አስቀድሞ ሊጀመር ይገባል። አንደኛው ልጅ ለመጥባት ሲነቃ ሌላኛውም ይቀስቀስ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወይም አንዱ እንደጨረሰ ወዲያው ሌላው ይጥባ። ተኝቶ ያለን ሕፃን መቀስቀስ ለብዙ እናቶች ኃጢአት ይመስላል፤ ለእኔም ይከብደኝ ነበር። ነገር ግን ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ሁለቱም ከሞላ ጎደል በአንድ ሰዓት መንቃት ይጀምራሉ፤ እናቲቱም በቀንም ሆነ በሌሊት የምታርፍበት ጊዜ ታገኛለች።

ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማጥባት ጀርባን ደግፎ መቀመጥ፣ በጭን ላይ በግራና በቀኝ ትራስ ማድረግ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ልጅ በብብት ሥር አስገብቶ እግሩ ወደ እናቲቱ ጀርባ፣ ፊቱ ወደ ጡቷ እንዲሆን መያዝ ያስፈልጋል። ልጆቹን አንድ በአንድ የሚያቀብል ሁለተኛ ሰው ከሌለ ይህን በመንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር አይገባም፤ ቤት ውስጥ ይለማመዱት።

አንዲት ትንሽ ደብተር በሁለት ተከፍላ ማን በስንት ሰዓት እንደጠባ፣ የማን ሽንት ጨርቅ እንደተቀየረ፣ መድኃኒት ካለም ለማን እንደተሰጠ ይጻፍባት። በድካም ሰዓት አንዱን ልጅ ሁለት ጊዜ አብልቶ ሌላውን መርሳት፣ ከዚያም ብሶ ለአንዱ ልጅ መድኃኒት ደግሞ መስጠት በመንታ ቤት የሚያጋጥም ነገር ነው። እኛ ለወንዱ አረንጓዴ፣ ለሴቷ ቀይ መርጠን፣ በየልብሳቸው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በዚያው ቀለም ክር ሰፋንበት፤ ጡጦ፣ ኩባያና የመድኃኒት ጠርሙስም በዚያው ቀለም ምልክት ተደረገባቸው። በአንገትም ሆነ በእጅ ላይ የሚታሰር ክር ግን በጉዞ ጊዜ ሊያንቅ ወይም ደም ሊያግድ ስለሚችል አይሁን።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የአምስት ወር ሕፃናት በየሦስት ሰዓቱ የሚጠቡ ከሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ለማጥባት፣ ከዚያም 20 ደቂቃ ትከሻ ላይ አድርጎ ለማስገሳት፣ ሽንት ጨርቅ ለመቀየርና መቀመጫ ላይ ለማሰር ይሄዳል። የቀረው ለመንዳት የሚሆነው ጊዜ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሕፃን በመኪና መቀመጫ ላይ ሳይወጣ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ የሕፃናት ሐኪሞች ስለሚመክሩ ሁለቱ ቁጥሮች ይስማማሉ፤ የጉዞው እያንዳንዱ ምዕራፍም በዚህ ልክ ይቆረጣል።

3. መኪናውና መቀመጫው

ለሁለት ሕፃናት ሁለት መቀመጫ ያስፈልጋል። ሁለቱም በኋላ ወንበር ላይ፣ የሕፃኑ ፊት ወደ መኪናው ኋላ እንዲዞር ሆነው ይታሰራሉ፤ ኤር ባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋ ከረጢት) ባለው የፊት ወንበር ላይ እንዲህ ያለ መቀመጫ ማድረግ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል። ከታሰረ በኋላ መቀመጫውን በእጅ ይዞ ወደ ጎንና ወደ ፊት መነቅነቅ ነው፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ እንደገና ይጥበቅ። ትከሻ ላይ የሚያልፈው ማሰሪያ በጣት ሲቆነጠጥ የሚያዝ ትርፍ ሊኖረው አይገባም። ብርድ ስለሆነ ብለው ልጁን በጋቢ ጠቅልለው ከጋቢው በላይ አይሰሩት፤ ሲጋጭ ጋቢው ይታመቅና ማሰሪያው ላልቶ ልጁ ያመልጣል። በቀጭን ልብስ ይታሰር፣ ጋቢው ከማሰሪያው በላይ ይደረብለት። ያገለገለ መቀመጫ ከሰው የሚቀበሉ ከሆነ፣ አደጋ ያልደረሰበት፣ ስንጥቅ የሌለውና የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ መሆኑን ይጠይቁ።

ሁለቱ መቀመጫዎች ከታሰሩ በኋላ በመካከላቸው ሰው ይቀመጥ እንደሆነ ከጉዞው በፊት መለካት አለበት። በትንሽ የቤት መኪና ውስጥ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ስለዚህ እኛ ሚኒባስ ኮንትራት መያዝን መርጠናል። በመነኻሪያ ወረፋ በሚሞላ መኪና መሄድ ግን ለመንታ አይሆንም፤ መኪናው በእርስዎ ሰዓት አይነሣም፣ በእርስዎ ሰዓትም አይቆምም።

መቀመጫ በብዙዎቻችን ቤት እንደሌለ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን በግልጽ መናገር ይገባል። መኪና በድንገት ሲቆም የስድስት ኪሎ ሕፃን በእጅ ታቅፎ ሊያዝ አይችልም፤ አንቀልባም መቀመጫን አይተካም። ከዘመድ በውሰት እስኪገኝ ጉዞውን ማዘግየት ይሻላል። የግድ ከሆነ ግን ሁለት አዋቂዎች ከኋላ ወንበር ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ልጅ ይያዙ፣ አዋቂዎቹ ቀበቶ ይሰሩ፣ ሕፃኑ ግን በቀበቶውና በአዋቂው ሰውነት መካከል አይግባ፤ በግጭት ጊዜ የአዋቂው ክብደት ሁሉ እርሱ ላይ ያርፋልና። ፍጥነቱም ከወትሮው እጅግ የቀነሰ ይሁን።

ከሹፌሩ ጋር ስምምነቱ ከቤት ሳይወጡ ይለቅ፤ ትርፍ ሰው እንደማይጭን፣ በመኪናው ውስጥ እንደማያጨስ፣ በቁልቁለት በከባድ ማርሽ እንደሚወርድና እናቲቱ «ቁም» ስትል ምቹ ቦታ ፈልጎ እንደሚቆም በግልጽ ይነገረው። ፍሬኑ፣ ጎማዎቹና ስኮርታው፣ ክሪኩም ጭምር በዋዜማው ይታዩ። ነዳጅ ደሴ ላይ ይሞላ። ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫነው ሻንጣ ብቻ ነው፤ የሕፃናቱ ዕቃ ሁሉ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጥ።

4. ማን ይሂድ

ከሹፌሩ ሌላ ሁለት አዋቂዎች ያስፈልጋሉ፤ አንድ ልጅ ለአንድ ሰው። ሦስተኛ ሰው፣ አክስት ወይም ታላቅ እህት፣ ከተገኘች እናቲቱ መብላትና መጠጣት ትችላለች፤ ሁለት ልጅ የምታጠባ እናት ውኃ ካጣች ወተቱም ይቀንሳል። በሶ፣ ዳቦ፣ ሙዝና በቂ የታሸገ ውኃ ለእርሷ ብቻ ተለይቶ ይያዝ። ጊዜው የጾም ከሆነ ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ ጋር አስቀድሞ መመካከር ይገባል።

5. ዕቃ ማሰናዳት

በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ በቀን 8 ሽንት ጨርቅ ቢታሰብ ለሁለቱ 16፣ ለሁለት ቀን 32 ይሆናል፤ ለመዘግየት የሚሆን 10 ይጨመርበት። ለእያንዳንዱ አራት ቅያሪ ልብስ፣ ለእናቲቱም አንድ ቅያሪ ያስፈልጋል። ጋቢ፣ ሁለት ስስ ነጠላ፣ አንቀልባ፣ አጎበር፣ ቴርሞሜትር፣ ሳሙናና የእጅ መታጠቢያ ውኃ፣ ለቆሻሻ የሚሆን ፌስታል፣ የክትባት ካርዶቹ፣ እንዲሁም ጥሬ ገንዘብ አይረሱ። የሞላ ሽንት ጨርቅ በመንገድ ዳር አይጣል፤ ከብት ፕላስቲኩን በልቶ ይሞታል፣ ባለ ከብቱም ደሀ ገበሬ ነው።

እስከ ስድስት ወር ድረስ ሕፃናት ከእናት ጡት በቀር ውኃም ሆነ ሌላ ምንም አያስፈልጋቸውም፤ በመርሳ ሙቀትም ቢሆን ቶሎ ቶሎ ጡት መስጠት ይበቃል። የቆርቆሮ ወተት የሚጠቀሙ ከሆነ ዱቄቱን ለእያንዳንዱ ጊዜ በሚሆን ልክ በንጹሕ ደረቅ ዕቃ ለያይተው ይያዙ፤ የፈላ ውኃ በፔርሙዝ ይሁን፤ በሚሰጡበት ሰዓት ብቻ በጥብጠው አቀዝቅዘው ይስጡ። ልጁ አፉን ያስነካው ወተት ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ይደፋ። ጡጦን በመንገድ ላይ በሚገባ ማጽዳት ስለማይቻል ንጹሕ ኩባያና ማንኪያ ይመረጣል። ታልቦ የተያዘ የእናት ጡት ወተት ደግሞ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል።

6. የመጀመሪያው ቀን፦ ከደሴ ወልድያ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱም ይጥቡ። ከአስገሱና ሽንት ጨርቃቸውን ከቀየሩ በኋላ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሡ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ጠዋቷ ብርድ ነው፤ መንገዱ ግን ወዲያው ወደ ሐይቅ ይወርዳል። በቁልቁለት የሕፃናት ጆሮ ይደፈናል፤ የሚያለቅሱትም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መዋጥ ጆሮን ስለሚከፍት ጡት ማጥባት መድኃኒቱ ቢሆንም፣ መኪናው እየሄደ ልጅን ከመቀመጫው አውጥቶ ማጥባት አይገባም። በታጠበ ጣት ወይም በማጥቢያ ጎማ እያስጠቡ መውረድ፣ ካልሆነም ቁልቁለቱ እንዳለቀ ቆሞ ማጥባት ነው።

ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ ልጆቹ ተኝተው ከሆነ አይቁሙ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ለመሳለም ያሰበ ሰው በመልሱ ያድርገው። መቆሚያው ውጫሌ ነው። ከደሴ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል የሚታወስባት ናት፤ ለእኛ ግን 3 ሰዓት ላይ የምንደርስባት ማረፊያ ነበረች። መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ጥላ ያለው ሜዳ ቦታ ላይ ይቁም፣ በኩርባ ላይ አይቁም። ጎማ ሥር ድንጋይ ታኮ ከተደረገ ሲነሡ ያንሡት፤ የተረሳ ድንጋይ ለሚቀጥለው መኪና አደጋ ነው።

መኪናው እንደቆመ የሚደረገው በቅደም ተከተል ይህ ነው። ሁለቱም ልጆች በአንድ ጊዜ ከመቀመጫቸው ይወጣሉ። መጀመሪያ ማጅራታቸው በሁለት ጣት ይዳሰሳል፤ ላብ ካለ አንድ ልብስ ይቀነሳል፣ ከቀዘቀዘ ይጨመራል፤ የእጅና የእግር ቅዝቃዜ ሁልጊዜ ትክክለኛ ምልክት አይደለም። የእኔ ልጅ በዚህ ቦታ ላይ ማጅራቷ ረጥቦ፣ ጆሮዋ ከመቀመጫው ጠርዝ ጋር ተጫጭኖ ቀልቶ አገኘኋት፤ ከውጭ ሲታይ ግን በሰላም የተኛች ትመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ልጆቹ አሥር ደቂቃ ያህል በጠፍጣፋ ወንበር ላይ በጀርባቸው ተኝተው ይንፈራገጡ፣ ሽንት ጨርቅ ይቀየር፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይጥቡ፣ ያግሱ። በመስኮቱ ላይ ነጠላ ከተጋረደ እናቲቱ ሳትሳቀቅ ታጠባለች። 4 ሰዓት ከሩብ ላይ መነሣት ይቻላል።

መንታ በየቆሙበት ሰው ይሰበስባል። የወሎ ሰው ልጅ ሲያይ ሳይስም ማለፍ አይሆንለትም፤ ይህን ፍቅር ማስቀየም አይገባም፤ ጉንፋንና ሳል ግን በመሳም ይተላለፋል። እኔ «እናቴ፣ ሐኪም ሰው እንዳይስማቸው ስላለን ነው፤ ከዚያው ሆነው ይመርቁልኝ» እላለሁ። አንዲት እናት እጃቸውን ዘርግተው «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያሳድግልሽ» ብለው መርቀውን፣ ልጆቹን ሳይነኩ ለእኔ ውኃ ይዘውልኝ መጡ። ስናስረዳቸው የሚከፉ ሰዎች አላጋጠሙኝም።

ከውጫሌ በኋላ በውርጌሳ በኩል ወደ መርሳ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል። መርሳ ብርቱካንና ማንጎ የሚሸጥባት ከተማ ስለሆነች ሹፌሩም ተሳፋሪውም መቆም ይፈልጋል፤ ገዝቶ የሚመለስ አንድ ሰው ብቻ ይውረድ። በማንኛውም ሁኔታ ልጆቹን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን በቆመ መኪና ውስጥ ብቻቸውን አይተዉ፤ የተዘጋ መኪና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይግላል። ፀሐዩ በሚገባበት መስኮት በኩል ስስ ነጠላ ይጋረድ፤ የልጁ መቀመጫ ራሱ ግን በጨርቅ አይሸፈን፣ አየር ይታፈናልና። በዚህ አኳኋን 6 ሰዓት ሳይሞላ ወልድያ ይገባል።

7. በወልድያ ማደር

ማደሪያው በስልክ አስቀድሞ ይያዝ፤ ከመንገድ ዳር ራቅ ያለ፣ ከመጠጥ ቤት በላይ ያልሆነ፣ ምድር ቤት ያለ ክፍል ይመረጣል። ሕፃናቱ በጀርባቸው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ ይተኙ፤ በደከመ አዋቂ አልጋ ውስጥ ሁለት ሕፃን ማስተኛት የመታፈን አደጋ አለው። ቆላውን አልፈው ስለመጡና ወባ በእነዚህ አካባቢዎች ስለሚገኝ አጎበሩ ይዘርጋ። ከሰዓት በኋላው ሁሉ የዕረፍት ነው፤ ዘመድ መጠየቅ ይቅር።

8. ሁለተኛው ቀን፦ ከወልድያ በጋሸና ወደ ላሊበላ

ይህ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ከባድ ነው። ከወልድያ እስከ ጋሸና ያለው ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ፣ በተለምዶ የቻይና መንገድ የሚባለው ነው፤ በሳንቃና በድልብ አድርጎ ወደ ደጋው ይወጣል፣ ጠመዝማዛውም ብዙ ነው። ሰዓቱ ያው ነው፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አጥብቶ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት፣ ዳገቱን በዝግታ መውጣት፣ 3 ሰዓት ገደማ እስታይሽ አካባቢ ወይም ከዚያ በፊት በሚገኝ ሰፊ ቦታ ላይ ማረፍ። ሕፃናት እንደ ትልልቅ ልጆች በመንገድ መዞር ብዙም አይታመሙም፤ የሚያስመልሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ሳያገሱ መነሣት ነው።

ጋሸና በወሎ ደጋ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ቦታ ናት፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ነፋሷ አጥንት ይሰብራል። ልብስ የሚጨመረው ዳገቱ ሳያልቅ ነው። እዚህ ላይ ሦስተኛው የጡት ሰዓት ስለሚደርስ መኪና ውስጥ ሆነው መስኮቱን ዘግተው ያጥቡ፤ ሙቅ ነገር ለመጠጣት ሲባል ልጆቹን ጢስ ወዳለበት ቤት ማስገባት አይገባም፣ ሻዩ ወደ መኪናው ይምጣ። ከዚህ በኋላ እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። 7 ሰዓት ላይ ከጋሸና ከተነሡ 9 ሰዓት ሳይሆን ይገባሉ። ልጆቹ ጋሸና ላይ ከደከሙ ግን ግማሽ ሰዓት መጨመር ይሻላል፤ ለመምሸት ገና ጊዜ አለ፣ ማልዶ የተነሣውም ለዚህ ነው።

9. ልጅ ቢታመም

ልጁ መጥባት እምቢ ካለ፣ የጠባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሊነቃ ካልቻለ ወይም እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ጉዞው ይቋረጥ። አተነፋፈሱን ልብሱን ገልጦ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው፤ ከሁለት ወር በታች ላለ ልጅ 60፣ ከሁለት እስከ 12 ወር ላለ ደግሞ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አደገኛ ነው። በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው፤ ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ካተኮሰ ማስታገሻ ሰጥቶ መንገድ መቀጠል አይገባም። ሆስፒታል በደሴ፣ በወልድያና በላሊበላ አለ፤ በመካከል ያሉት ከተሞች ጤና ጣቢያ አላቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አንዱ ሲታመም ሌላውም ይታይ፤ ከአንድ ጡት የሚጠቡና አንድ አየር የሚተነፍሱ ናቸው። ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ እንጂ ጤነኛውን ከማያውቀው ሰው ጋር መንገድ ላይ አይተዉ።

10. ከደረሱ በኋላ

አያት ናፍቀው ይጠብቃሉ፤ ቅቤ ሊያቀምሱም ያዘጋጃሉ። የእኔ አማት ለጋ ቅቤውን በጣታቸው ይዘው ሲጠጉ፣ «እማዬ፣ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ነው የተባልነው፤ ይልቅ ቅቤውን ለእኔ ገንፎ ያድርጉልኝ፣ በእኔ በኩል ይደርሳቸዋል» አልኋቸው፤ ደስ ብሏቸው ገንፎውን አገነፉ። ልጆቹን ለመታቀፍም ተራ ይደረግ፤ ከጠቡና ካገሱ በኋላ እጁን የታጠበ ሁሉ ይቀፋቸው፣ ሰዓታቸው ሲደርስ ለእናታቸው ይመለሱ። ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን ሳያርፉ ለመልስ አይነሡ።

በመልሱ ሰዓቱ ይገለበጣል። ከላሊበላ ወደ ጋሸና የሚደረሰው በጠዋቱ ብርድ ስለሚሆን መነሻው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሳይሆን ልጆቹ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ከጠቡ በኋላ፣ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሁን። ከጋሸና እስከ ወልድያ ያለው ረጅም ቁልቁለት ደግሞ ለጆሯቸው አስቸጋሪ ስለሆነ በመካከሉ አንድ ጊዜ ለማጥባት መቆም ያስፈልጋል፤ በደብተሩ ላይ ሲሄዱ የጻፉትን የማረፊያ ቦታ ገልጠው፣ ሰፊና ጥላ ያለው የቱ እንደነበረ ለሹፌሩ አስቀድመው ይንገሩት።